መሶብ ሲጎድል

ከአንድ ማኅፀን የወጡ ልጆች ከአንድ መሶብ እኩል ይቆርሳሉ ብሎ ማመን የተለመደ ነው። መሶቡ በሞላበት ቀን እምነቱ እውነት ይመስላል። የቤተሰብ ፍርድ የሚታወቀው ግን እንጀራው ባነሰበት ዕለት ነው።

በእኛ ቤት፣ በክረምት፣ እህሉ ከጎተራው ተሟጦ አዲሱ አዝመራ ሳይደርስ፣ እናቴ አስቀድማ የምታቀርበው ለአባቴና ለወንድሜ ነበር። እሷና እኔ የተረፈውን በማጀት እንቃመሳለን። ይህን ማድረጓ ሴት ልጇን ጠልታ አልነበረም፤ ወንዱ እርፍ የሚጨብጥ፣ ነገም የሚጦራት፣ እኔ ግን ተድሬ ወደ ሰው ቤት የምሄድ መሆኔን ከእናቷ ተምራ እንጂ። ለራሷ ከእኔም ያነሰ ትቆርስ ስለ ነበር አድልዎ የሚለው ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም፤ በእሷ ዘንድ ስሙ ቻይነት ነበር።

ነገሩ የአንድ ቤት ወግ ብቻ አይደለም። በ2008 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት በጅማና በአካባቢዋ የሚኖሩ ለጋ ወጣቶች ስለ ምግባቸው ተጠይቀው ነበር። እጥረት በገባባቸው ቤቶች ምግብ እንደ ጎደለባቸው የተናገሩት ከወንዶቹ ይልቅ ልጃገረዶቹ በዝተው ተገኙ።

የሚከፋፈለው ደግሞ እንጀራ ብቻ ሳይሆን ጊዜም ነው። ውሃ ቀድቼ፣ እንጨት ለቅሜ፣ ሕፃን አዝዬ እስክመለስ ወንድሜ በኩራዝ ብርሃን ትምህርቱን አጥንቶ ይቆየኛል። ደብተር ለሁለታችንም እኩል ተገዝቶ ነበር፤ ምሽቱ ግን የእርሱ ነበር። ከዓመታት በኋላ ለአንዳችን ብቻ የሚበቃ የትምህርት ወጪ በተገኘ ጊዜ፣ «በትምህርቱ የበረታው ይሂድ» ተባለ። በምሽት የተዘራው አድልዎ በፈተና ውጤት ስም ታጨደ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ወንድና ሴት ልጆች የወላጃቸውን ውርስ እኩል እንዲካፈሉ ደንግጓል። ድንጋጌው መልካም ነው። ይሁን እንጂ ውርስ የሚከፈለው ወላጅ ካለፈ በኋላ ሲሆን፣ የልጅነት ድርሻ የሚከፈለው ወላጅ በሕይወት ሳለ፣ ዳኛና ምስክር በማይቀመጡበት ማጀት ውስጥ ነው። ሕጉ ደጃፍ ሲደርስ ጉልበቱም ዕውቀቱም ተከፍለው አልቀዋል።

ስለዚህ ልጆቹን በእኩል ዓይን አያለሁ የሚል ወላጅ የጥጋቡን ቀን ትቶ የእጥረቱን ቀን ይመርምር፤ አስቀድሞ የቆረሰው ማን ነው? እንስራውን ያነሣው ማን ነው? ኩራዙስ የበራው ለማን ነው?