ብርቱካኑ ይቅር

ባለፈው እሁድ ሦስት ጠያቂዎች መጡ፤ ብርቱካን፣ ሙዝ፣ ጁስ ይዘው። ገና ሳይቀመጡ «እትዬ፣ አወቁኝ? እስቲ ማን ነኝ?» እያሉ እናቴን ፈተኗት። ፈገግ አለች። ስም ሲጠፋባት የምትደበቀው ፈገግታዋ ውስጥ ነው። ሲወጡ በር ላይ «አይዞሽ፣ እናትን ማስታመም ጽድቅ ነው» አሉኝ። ጽድቁን አልጠላሁትም። ያማረኝ ግን እንቅልፍ ነበር።

እማዬን የመርሳት በሽታ ከያዛት አምስት ዓመት ሆነ። ሰፈሩ «ጃጅተዋል» ይላል። ሐኪሟ ግን እርጅና ብቻ እንዳልሆነ፣ አልዛይመር የሚባል የአንጎል ሕመም እንደሆነ ነገረኝ። በዓለም ላይ ከ55 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከመርሳት በሽታ ጋር ይኖራሉ፤ ከእነሱም ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት የእሷው ዓይነት ናቸው።

የሚከብደው ማታ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነጠላዋን ትደርብና «ቤቴ ልሂድ፣ ሊጡ ይበላሽብኛል» ትላለች። በፊት «እማዬ፣ ቤትሽ እኮ ይሄ ነው!» እያልኩ እከራከራት ነበር። አንድም ቀን አሸንፌ አላውቅም። አሁን «እሺ፣ እራት በልተን እንሄዳለን» እላታለሁ። ሁለት ጉርሻ ሳትጎርስ ትረሳዋለች።

አንድ ሌሊት ግን ለአራተኛ ጊዜ ተነስታ ከውጭው በር ጋር ስትታገል ጮህኩባት። ደንግጣ ጥግ ይዛ ቆመች። ከዚያ ቀስ ብላ «ቆይ ልጄ ትምጣ። እሷ እንዳንቺ አትጮህብኝም» አለችኝ።

ልጇ እኔ ነኝ።

ሲነጋ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሽንቷ ሲመረመር ኢንፌክሽን ተገኘ፤ የመርሳት ታማሚ በድንገት ሲብስበት አንዳንዴ ምክንያቱ እንዲህ ያለ፣ የሚታከም ነገር ነው። ሐኪሙ ቀጥሎ የእኔን ግፊት ለካና «ለመጨረሻ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ የተኛሽው መቼ ነው?» አለኝ። አሰብኩ፣ አሰብኩ፣ ጠፋኝ። ከሁለታችን የምትረሳዋ ማን እንደሆነች ግራ ገባኝ።

እኔን አስታማሚ አድርጎ የመረጠኝ የለም። ያላገባሁ ታናሽ ነኝ፤ ስለዚህ «አንቺ አለሽላት» ተባለ፣ በዚያው ቀረ። ብቻዬንም አይደለሁም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ለመርሳት ታማሚዎች ከሚሰጠው የእንክብካቤ ሰዓት 70 በመቶው የሴቶች ነው።

እማዬ ለሰፈሩ እድር ሠላሳ ዓመት ከፍላለች። ብትሞት ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይደረደራል፣ ሴቶቹ ተራ ገብተው ወጥ ይሠራሉ፣ ሦስት ቀን ብቻዬን አይተዉኝም። እግዜር ያክብራቸው። እኔ ግን እናቴን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያጣኋት ነው፤ ለዚህኛው ሐዘን ተረኛ የለም።

ስለዚህ አፍሬም ቢሆን ጠየቅኩ። ጎረቤታችንን «ሐሙስ ከሰዓት ለሁለት ሰዓት ብቻ ይቀመጡልኝ» አልኳቸው። ባዘቶና እንዝርት ይዘው መጡ። እማዬ የእኔን ስም ከረሳች ቆይታለች፤ እጇ ግን እንዝርቱን አልረሳውም። አብረው ይፈትላሉ። እኔ የመጀመሪያውን ሐሙስ የት እንደሄድኩ ታውቃላችሁ? የትም። ጓዳ ገብቼ ተኛሁ።

ዋሽንግተን ያለው ወንድሜ ብር ይልካል፣ እግዜር ይስጠው። አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ለመንኩት። እዚህ መሽቶ «ቤቴ ልሂድ» ስትል እዚያ የምሳ እረፍቱ ነው። ይደውልና «አወቅሽኝ?» ሳይል የልጅነቱን ጥፋት እያነሳ ያስቃታል። እኔ በዚያች ሩብ ሰዓት ሻወር እወስዳለሁ። ሩብ ሰዓት ትንሽ የሚመስለው ላላስታመመ ሰው ነው።

አስታማሚ የምታውቁ፣ «እሳቸው እንዴት ናቸው?» ብላችሁ ስትጨርሱ «አንቺስ ተኝተሻል?» በሉ። የምታስታምሙ ደግሞ «ምን ልርዳሽ?» ሲሏችሁ «ኧረ ምንም» አትበሉ፤ ቀንና ሰዓት ጥሩላቸው።

እኔ እነሆ ልጥራ። ብርቱካኑ ይቅር። ሐሙስ ተይዟል፤ ማክሰኞ ግን ክፍት ነው።