ቋሚው ከመቆረጡ በፊት

ምሰሶን ደፍሮ የሚነካ የለም፤ ቋሚን ግን ማንም ይቆርጣል። እንደ መካነ ኢየሱስ ባሉ ከተሞች የመንገድ ዳር ጭቃ ቤት ወደ ሱቅ ሲቀየር፣ በሩ እንዲሰፋ ሁለት ሦስት ቋሚ ይነሳል።

ኮለን ባለው የብሎኬት ሕንፃ ጣሪያውን የሚሸከመው ኮለኑ ነው። በጭቃ ቤት ግን የቆርቆሮውና የእንጨቱ ክብደት በአግዳሚው በኩል ወደ ቋሚዎቹ ይወርዳል።

ስለዚህ አናጺው መጋዝ ከማንሳቱ በፊት ኮርኒሱን ገልጦ ይይ። ቋሚው አናት ላይ አግዳሚ ወይም ወራጅ ካረፈ፣ ቋሚው ተሸካሚ ነው። ያኔ ጣሪያው አስቀድሞ በባላ ይደገፋል፤ ከአዲሱ በር በላይ ጭነቱን ወደ ግራና ቀኝ የሚያሻግር ወፍራም እንጨት ይገባል፤ መቁረጡ የመጨረሻው ሥራ ነው።

የሰፋ በር ኪራይ የሚጨምረው ለአከራዩ ነው፤ ጣሪያው ቢወርድ ከሥሩ የሚገኘው ግን ተከራዩ ነው። የባላውና የእንጨቱ ወጪም የአከራዩ ይሁን።