እጣቢ

በግቢያችን ዘጠኝ በር ነበር፤ ሽንት ቤት ግን አንድ። ያደግሁት ልደታ፣ ከማርያም ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ፣ ጭቃና ቆርቆሮ ተደጋግፈው ከቆሙባቸው የቀበሌ ግቢዎች በአንዱ ነው። ቤቶቹ በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የተወረሱ ናቸው። ለመብራቱ ቆጣሪ አለ፣ ለውሃውም ቆጣሪ አለ፤ ጉድጓዱ ብቻ ቆጣሪም ባለቤትም የለውም። ሁሉም ይጠቀምበታል፣ ማንም “የኔ” አይለውም። እስኪሞላ ድረስ።

ሲሞላ ከእሱ ሌላ ወሬ የለም። መጀመሪያ ሽታው ይመጣል፤ ሽታን ሰው ይለምዳል። ቀጥሎ ዝንቡ ይበዛል፤ እሱንም ይለምዳል። የማይለመደው ከሥር የነበረው ነገር ወደ ላይ ቀርቦ መታየት ሲጀምር ነው። ያን ጊዜ እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ከደብተሬ የመጨረሻውን ገጽ ትገነጥላለች። መዋጮ ሰብሳቢዋ እሷ፣ ጸሐፊዋ እኔ።

ጠቡ የሚነሣው “በቤት ይከፈል ወይስ በሰው?” በሚለው ላይ ነው። ከበሩ አጠገብ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እማማ ነበሩ። “እኔ አንዲት ነፍስ ነኝ፤ ያውም ዓመቱን ሙሉ ጾመኛ!” ይላሉ። የሰባት ልጆች አባት የሆኑት ጎረቤታችን ደግሞ “ልጅ ምን ያህል ነገር አለውና ነው የሚቆጠረው?” ሲሉ ግቢው በሳቅ ይፈርሳል። ብዙ ዓመት ቆይቼ ስለ ግብር ሥርዓት ሳነብ አዲስ የሆነብኝ ነገር ጥቂት ነበር።

መጣጭ መኪናው ወደ ግቢው መግባት አይችልም። መንገድ ላይ ይቆምና ጎማው እየተቀጣጠለ በሰው ደጅ ያልፋል። ልጅ ሳለሁ መኪናው እንደ ከብት ጎንበስ ብሎ የሚጠጣ ይመስለኝ ነበር። አሠራሩ ግን ሌላ ነው። ፓምፑ ከታንከሩ ውስጥ አየሩን ያወጣል፤ በውጭ ያለው አየር ደግሞ በክብደቱ ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን ወደ ባዶው ታንከር ይገፋዋል። ስለዚህ ቀጭኑ ፈሳሽ ቶሎ ይሄዳል፤ ወፍራሙ ዝቃጭ ከታች ይቀራል። ጨርቅና ፌስታል የተጣለበት እንደሆነም ጎማው ይታነቃል። እንዲያ ሲሆን ገንዘቡ የተከፈለው ለውሃ ነው፤ ጉድጓዱም ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ ይሞላል።

እማዬ ይህን ሁሉ ማንም ሳያስተምራት ታውቀዋለች። ተራችን ሲቃረብ የልብስ ማጠቢያ ቀኗን ታዘገያለች፤ ጎረቤቶቿንም ታስዘገያለች። “ነገ ይመጣል” የተባለ ዕለት የተጠራቀመው ልብስ ሁሉ ይታጠባል። እጣቢው ወደ ቦዩ አይደፋም፤ በሳፋና በባልዲ ተደርድሮ ያድራል። በማግስቱ ላይኛው ፈሳሽ ከተመጠጠ በኋላ እጣቢው ይጨመርና በረጅም የባሕር ዛፍ እንጨት ይማሰላል። ዝቃጩ ሲላላ ጎማው ዳግመኛ ይገባል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ባልዲዎች የጎማው ማጠቢያ ናቸው። ለሠራተኞቹ ቡና ይፈላል፤ እነሱ ግን ልብሳቸውን አይተው ወደ ቤት አይገቡም፤ እማዬ ስኒውን ይዛ ደጅ ድረስ ትወጣለች።

አሜሪካ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ከጥቂት ዓመታት በፊት በመኪና የሚጎተት ቤት ተከራይቶ ቤተሰቡን ይዞ ሲዞር ደወለልኝ። ቤቱ ከወለሉ ሥር ሁለት ታንከር አለው። አንዱ የሽንት ቤቱ ነው፣ “ጥቁር ውሃ” ይሉታል፤ ሌላው የዕቃና የገላ መታጠቢያው፣ “ግራጫ ውሃ”። የጥቁሩን መልቀቂያ ሁልጊዜ ክፍት የተወው ሰው ይቸገራል፤ ፈሳሹ ሹልክ ብሎ ይሄድና ደረቁ ከታች ይጋገራል። ስለዚህ ዘግቶ ማጠራቀም፣ ወደ ተፈቀደው ማፍሰሻ ስፍራ መውሰድ፣ መጀመሪያ ጥቁሩን መልቀቅ፣ ቀጥሎ ግራጫውን፤ ግራጫው ጎማውን እያጠበ እንዲወጣ።

“ይህንማ እማዬ ልደታ ላይ ጨርሳዋለች” አልኩት። ሳቅን። ከዚያ “እዚህ ሰው የራሱን ጉድ ራሱ ይጎትታል” አለኝ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ያ ቃል አልለቅ አለኝ።

አንድ ክረምት የእኛን ጉድ ለሰው ሰድደናልና።

በ1980ዎቹ ነው። ያን ዓመት መዋጮው በጠብ ፈረሰ። ሐምሌ ገባ፤ ጉድጓዱ አፉ ድረስ ደረሰ። አንድ ሌሊት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አባዬ ቀሰቀሰኝና “ባትሪውን ያዝልኝ” አለኝ። ከአንድ ጎረቤት ጋር ሆነው ወደ ቦዩ በሚያመለክተው በኩል የጉድጓዱን ጎን በዶማ ከፈቱት። የቀረውን ጎርፉ ሠራው። አባዬ የሰው ምስማር የማያነሣ ሰው ነበር። ላላይ ብዬ ባትሪውን ወደ ሌላ ባዞርኩት ቁጥር “እዚህ!” ይለኛል፤ ድምፁ ግን የቁጣ አልነበረም። እስከ ዕለተ ሞቱ ስለዚያ ሌሊት አላነሣንም።

ከእኛ በታች የክፍል ጓደኛዬ ይኖር ነበር። በየክረምቱ በቤታቸው ፊት በሚያልፈው ቦይ የጭቃ ግድብ እንሠራ ነበር። በማግስቱ መጥቶ ከደጅ ጠራኝ። “ጎርፉ ትልቅ ነው! ና ግድብ እንሥራ!” ራሴን አሞኛል አልኩት። “አንተም አትሂድ” ማለት ግን አልቻልኩም፤ ለምን ቢለኝ ምን እመልሳለሁ? በሳምንቱ በተቅማጥ ተኛ። ከዚያ ውሃ ይሁን ከሌላ ማን ያውቃል፤ በክረምት ስንቱ ልጅ ይታመማል። እማዬ አጥሚት ሠርታ ላከችኝ። ይዤለት ገባሁ፣ አስቀምጬ ወጣሁ።

መጣጭ መኪናው ቢመጣ ኖሮ ጭነቱ የት ይደርስ እንደነበር ያወቅሁት አድጌ ነው። በ1970ዎቹ የተሠሩት የቃሊቲ ኩሬዎች በቀን 7,500 ሜትር ኩብ ያህል ፍሳሽ እንዲቀበሉ የታሰቡ ነበሩ፤ በ2010 ዓ.ም. ገደማ ሥራ የጀመረው ማጣሪያ 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ የተሠራ ነው። በቦይ የተለቀቀው ግን ማንም አይጠብቀውም። ወደ ትንሹ አቃቂ ይወርዳል፣ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባል። በመንገዱ ገበሬዎች ወንዙን እየጠለፉ ጎመንና ሰላጣ ያጠጡበታል፤ ጎመኑም ወደዚሁ ከተማ ገበያ ይመለሳል። እማዬ ጎመን ሦስት ጊዜ የምታጥበው በምን ምክንያት እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም።

ሰፈራችን በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ግቢያችንም አብሮ ፈረሰ። ዛሬ የምንኖረው ጀሞ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሃው አንዴ ይለቀቅና ነገሩ ያበቃል፤ መዋጮም የለ፣ ጠብም የለ።

ባለፈው ግንቦት 1 ልደታን ላነግሥ ሄጄ ያን ጓደኛዬን በሕዝቡ መካከል አገኘሁት። ጠጉሩ ሸብቷል፤ ሴት ልጁን በእጁ ይዟል። ተቃቅፈን ብዙ ሳቅን። ለልጁ “ከዚህ ሰውዬ ጋር ግድብ እንሠራ ነበር” አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና፣

“ያ ትልቁ ጎርፍ የመጣ ቀን ግን አንተ አልነበርክም” አለኝ።

“ራሴን አሞኝ ነበር” አልኩት።