ማስል ካር ቤታችሁ ስታድሱ ብዙ አትንኳት

አሮጌ የአሜሪካ ማስል ካር (ትልቅ ሞተር የተገጠመላት ፈጣን መኪና) ገዝቶ በቤቱ ጋራዥ ለማደስ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው መፍታት ነው። ኮፈኖው ይነሳል፣ ፓራፋንጎዎቹ ይወርዳሉ፣ ሞተሩ ይወጣል፣ ቀለሙ እስከ ብረቱ ድረስ ይፋቃል፤ ከዚያ ሁሉም ነገር አዲስ ሆኖ ተመልሶ ይገጠማል። የቴሌቪዥን ፕሮግራሞቹ ይህንኑ ስለሚያሳዩ ሌላ መንገድ ያለም አይመስልም። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። ቤቱ የሚሠራ ሰው ለመኪናዋ ሊውልላት የሚችለው ትልቁ ውለታ በተቻለ መጠን ጥቂት መንካት ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከባለሙያ ጋራዥ ይልቅ እሱ ይመቻል።

ባለሙያ ጋራዥ የሚያስከፍለው በሰዓት ነው። ሃምሳ ዓመት ያለፈውን የመስኮት ማውረጃ ፈትቶ ማጠብ፣ ዝገቱን ማስለቀቅ፣ የላላውን ማጥበቅና ግራሶ ቀብቶ መመለስ የግማሽ ቀን ሥራ ሊሆን ይችላል፤ አዲሱን ከካታሎግ አዝዞ መግጠም ግን ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ጋራዡ ይለውጣል፤ አይፈረድበትም። አዲስ አበባ ውስጥ ዕቃ እንደልብ ስለማይገኝ መካኒኩ የግዱን እየጠገነ አሮጌ ቮልስዋገኖችን ለአሥርት ዓመታት አቆይቷል። አሜሪካ ውስጥ ችግሩ የዕቃ መትረፍረፍ ነው። ዳይናኮርን የተባለው ኩባንያ የ1967ቱን ሙስታንግና የ1969ኙን ካማሮ ሙሉ ቦዲ አዲስ አድርጎ ያመርታል፤ ገንዘብ ያለው ሰው አንዲት አሮጌ ቆርቆሮ ሳይነካ «የ1969 ካማሮ» መገጣጠም ይችላል ማለት ነው። ቤቱ የሚሠራ ሰው ግን ሰዓት የሚቆጥርበት የለም። የመስኮት ማውረጃው ሦስት ቅዳሜ ቢፈጅበትም የሚከስር ነገር የለውም።

ከመንካት መቆጠብ የሚያተርፈው ማስረጃ ነው። የማስል ካር ዘመን የሚባለው ከ1964 (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ሁሉም ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ጀምሮ አሥር ዓመት እንኳ አልሞላም። የኢንሹራንስ ዋጋ፣ የ1970ው የአየር ብክለት ሕግና በመጨረሻም የ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ ዘጉት። (በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎችን ሥራ ያስቆመው የቤንዚን ጭማሪም ከዚያው ቀውስ የመጣ ነው፤ የመኪና ከተማዋን ዲትሮይትንና ፒያሳን በአንድ ወቅት የነካ ነገር ብዙ አይገኝም።) ዘመኑን የከፈተችው ፖንቲያክ ጂቲኦ የተወለደችው ደንብ በመዝለል ነበር። ጄኔራል ሞተርስ በመካከለኛ መኪኖቹ ላይ ከ330 ኪዩቢክ ኢንች የሚበልጥ ሞተር እንዳይገጠም ከልክሎ ሳለ፣ መሐንዲሱ ጆን ዴሎሪያን ያለበት፣ የዚያው ኩባንያ ክፍል የሆነው የፖንቲያክ ቡድን 389 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር በቴምፔስት ለማንስ ላይ እንደ ተጨማሪ ምርጫ አድርጎ አወጣው። ጂቲኦ ራሱን የቻለ ሞዴል ስላልነበረ፣ በ1964ና በ1965 የተሠሩት የሻንሲ ቁጥራቸው ጂቲኦ መሆናቸውን አይናገርም። የሚናገሩት ወረቀቶቹና ጥቃቅኖቹ ናቸው፦ በብረት ላይ የተቀረጸ ቀን፣ የመለዋወጫ ቁጥር፣ አንዳንዴም ከመቀመጫው ስፕሪንግ መሐል ወይም ከነዳጅ ሰልባትዮው በላይ ተሸጉጦ የቀረ የፋብሪካ የሥራ ወረቀት። አሮጌ መቀመጫ ገንጥሎ ቆሻሻ ውስጥ የሚጥል ሰው የመኪናዋን የልደት ምስክር ወረቀት አብሮ ሊጥል ይችላል። ሞተሩም ላይ አደጋው ያው ነው። የሸቭሮሌ ቪ8 መለያ ቁጥር የተመታው ቴስታታው በሚያርፍበት የብሎኩ ፊት ጫፍ ላይ ስለሆነ፣ ብሎኩን «ፊቱን ላስተካክለው» ብሎ ቶርኖ ቤት መስጠት ቁጥሩን ያጠፋዋል። ያ ቁጥር ከጠፋ በኋላ ሞተሩ የዚያችው መኪና መሆኑን ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም።

አንድ የማልቀበለው ነገር አለ፦ «እንደ ፋብሪካው አድርጌ ነው የማድሳት» የሚለው። እነዚያ መኪኖች ከመስመሩ እየተቸኮለ የወጡ ናቸው። ቀለማቸው አንዳንድ ቦታ ይፈስ ነበር፣ ከሥር በኩል በደንብ አይደርስም፣ የበሮቹ ክፍተት ከላይና ከታች አይመሳሰልም። ዛሬ በኤግዚቢሽን ላይ እንደ መስታወት የምታበራው መኪና ያን ጊዜ ከተሠራችው ከየትኛዋም የተሻለች ናት፤ ስለዚህ ከየትኛዋም ጋር አትመሳሰልም። የሚገርመው ደግሞ ቀለሙን ፍቀው ከጨረሱ በኋላ የፋብሪካው ተቆጣጣሪ በጠመኔ ያደረገውን ምልክት አስመስለው መልሰው የሚጽፉ መኖራቸው ነው። ዋናው ምልክት እኮ ነበረ!

«ዋጋዋስ?» የሚል ይነሳል። ያልታደሰች ማን ይገዛል? በ1968 «ቡሊት» በተባለው ፊልም ተዋናዩ ስቲቭ ማክዊን የነዳት አረንጓዴ ሙስታንግ በ1974 በ6,000 ዶላር ተሸጣ አንድ ቤተሰብ ዘንድ ቆየች፤ በጥር 2020 በጨረታ 3.74 ሚሊዮን ዶላር አወጣች። ሞተሯ እንዲሠራ ተደርጓል እንጂ ቦዲዋ እንደተቧጨረና እንደዛገ ነበር። ዋጋው የማክዊን ስም ያመጣው ነው ብትሉ ትክክል ናችሁ፤ እኔም እንደ ዋጋ ማስረጃ አላቀርበውም። የሚያስተምረው ሌላ ነው። የፊልም ሠራተኞቹ ለካሜራ ማሰሪያ ከሥሯ የበየዷቸው ብረቶች አሁንም ነበሩ፤ እሷነቷን ለማረጋገጥ ከረዱት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። በጎበዝ አዳሽ እጅ ገብታ ቢሆን መጀመሪያ የሚቆረጡት እነዚያ ብረቶች ነበሩ።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ የደኅንነት ነው። ከ1967 በፊት የተሠሩት አብዛኞቹ የፍሬን ዘይታቸው በአንድ መስመር ብቻ ይሄዳል፤ አንድ ቦታ ከፈሰሰ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። እዚህ ላይ ታሪክ ጠባቂ ልሁን የሚል ሰው አይነዳ። ባለሁለት መስመር የፍሬን ፓምፕ ይገጠም፣ የደኅንነት ቀበቶ ይጨመር፣ አሮጌው የነዳጅ ጎማ ቱቦም ይለወጥ፤ የዛሬው የአሜሪካ ቤንዚን በአብዛኛው እስከ 10 በመቶ ኢታኖል ስላለበት ያን ዘመን የተሠራውን ጎማ ይበላዋል። እነዚህ ለውጦች ብዙውን ጊዜ በብሎን የሚያልቁ ናቸው፤ የወጣው ዕቃ ስም ተጽፎበት ሳጥን ውስጥ ከተቀመጠ ወደነበረበት መመለስ ይቻላል። መፋቅ ግን መመለሻ የለውም። ስለ ቀለም ከተነሳ ደግሞ የቤቱን ሠራተኛ የሚከለክለው ሌላ ነገር አለ። አዲሶቹ ባለማጠንከሪያ ቀለሞች ኢሶሳያኔት አላቸው፤ ሳንባን ይጎዳሉ፣ ሲረጩም ንጹሕ አየር ከውጭ በቱቦ የሚያመጣ ጭንብል ይፈልጋሉ። ልጆች የሚኖሩበት ቤት ጋራዥ ለዚህ አልተሠራም። የጄኔራል ሞተርስ የጥንት ላከር ግን ተጠንቅቀው ካሹት ብዙውን ጊዜ ያበራል፤ የሳሳበት ጠርዝ ላይ ብቻ እጅ ማቅለል ነው።

ወለሏ በስብሶ እግር የሚያሾልክ መኪናስ? እሷማ ትቆረጥ። በተለይ እንደ ሙስታንግ ሸክሙን ቦዲው ራሱ የሚሸከምላት ከሆነች ዝገቱ የአጥንት ዝገት ነው፤ ወለሉ ከመቆረጡ በፊት ውስጧ በብረት ካልተወጠረ በሮቹ ዳግመኛ አይዘጉም። ያን ጊዜም ቢሆን የሚቆረጠው የበሰበሰው እንጂ አጠገቡ ያለው ደህና ቆርቆሮ አይደለም። ባለስድስት ሲሊንደር ተራ ሙስታንግ ግን ከክርክሬ ውጭ ናት። ሞዴሉ ከሚያዝያ 1964 ጀምሮ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ከ1 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል፣ እንደሷ ያሉትም ገና በየመንደሩ አሉ። በእሷ ላይ ብየዳ የሚለማመድ፣ ሞተር የሚቀይር፣ ቀለሟን ቢጫ የሚያደርግ ሰው ካለ ከእኔ ተቃውሞ አይደርስበትም።