ስልክ ቁጥር ቁጥር አይደለም

ፕሮግራመር ባትሆኑም ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ማንበብ ትችላላችሁ። ነገሩ በሙሉ የሚዞረው በአንዲት ዜሮ ዙሪያ ነው።

ሲስተሙ የገበሬዎች መመዝገቢያ ነው። ያሠራው ድርጅት ስሙ ይቅር። በጃቫ የተሠራ፣ ስፕሪንግ የሚባለውን ፍሬምወርክ የሚጠቀም፣ ገጾቹ በጄኤስፒ የተጻፉ የቆየ ሥራ ነው። ሌሎች ሠርተውት ከዓመታት በኋላ ጥገናው ለእኔ ደረሰኝ። የገበሬውን ስም፣ ቀበሌና ስልክ ይይዛል። ማዳበሪያ ሲገባ ሠራተኛዋ ገጹን ትከፍታለች፣ ቀበሌውን ትመርጣለች፣ «ላክ» የምትለዋን ትጫናለች፤ መልእክቱ ለሁሉም ይደርሳል። ይደርሳል ተብሎ ይታመን ነበር ብል ይሻላል።

ከተመዝጋቢዎቹ አንዱ እነዋሪ ያለው አጎቴ ነው። ለማታውቋት፣ እነዋሪ ሰሜን ሸዋ ውስጥ የሞረትና ጅሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ጤፍና ስንዴ የሚበቅልባት፣ አፈሯ መረሬ የሆነ አገር። መረሬ በበጋ ይሰነጣጠቃል፣ በክረምት ደግሞ ውሃ ይቋጥርና እህሉን ያፍነዋል። ስለዚህ ገበሬው ማሳውን መደብ መደብ አድርጎ በመካከሉ የውሃ መውረጃ ያወጣል። ድሮ ይህ ሥራ በእጅ ነበር። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ፣ ኢልካ ይባል የነበረው ዓለም አቀፍ የምርምር ማዕከል ከአገር ውስጥ ተቋማት ጋር ሆኖ ሁለት ማረሻ አጣምሮ በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ ሲሞክር፣ ከሙከራ ቦታዎቹ አንዷ እነዋሪ ነበረች። ይህን የማወራችሁ ለወሬ ማሳመሪያ አይደለም። በመረሬ ላይ ነገር ሁሉ የቀን ጉዳይ ነው። ዘር በሚወርድበት ቀን ማዳበሪያው እጅህ ላይ ከሌለ፣ ቆይቶ ቢመጣ ብዙም አይፈይድልህም።

አጎቴ ስልክ አይዝም። ሲመዘገብ የሰጠው ደብረ ብርሃን ያለችውን የልጁን ቁጥር ነው። እሷ መልእክቱን ታነብና በጎረቤት ስልክ ደውላ ትነግረዋለች። ቁጥሯ በ07 የሚጀምር ነው። በዚያ ዓመት ለጎረቤቶቹ መልእክት ሲደርስ ለእሷ አልደረሳትም፤ አጎቴ የሰማው ወረፋው ካለፈ በኋላ ነው። «አንተ ልጅ፣ ያ ኮምፒውተራችሁ ከእኔ ጋር ምን ጸብ አለው?» አለኝ። የሲስተሙን መዝገብ ከፍቼ አየሁ። «ተልኳል» ይላል።

እንግዲህ ወደ ውስጡ እንግባ።

አንድ ድረ ገጽ ሲከፈት ሁለት ቋንቋዎች በሁለት ቦታ ይሠራሉ። ጃቫ ሰርቨሩ ላይ፣ ጃቫስክሪፕት ብራውዘሩ ውስጥ። ስማቸው ቢመሳሰልም ዝምድና የላቸውም፤ ፊት ለፊትም አይገናኙም። ጃቫስክሪፕቱ ሥራ ሲጀምር ጃቫው ገጹን አዘጋጅቶ ልኮ ጨርሷል። ስለዚህ ጃቫው ያለውን ነገር በጽሑፍ ትቶለት ነው የሚሄደው። ጄኤስፒ ገጹን ሲያዘጋጅ የዶላር ምልክትና ቅንፍ ያለበት ቦታ ላይ ሲደርስ ዋጋውን እዚያው ይጽፈዋል። የሚጽፈው ኤችቲኤምኤል ውስጥ ይሁን ጃቫስክሪፕት ውስጥ፣ ግድም የለው።

ዳታቤዙ ውስጥ ስልኩ እንደ ጽሑፍ፣ ከነዜሮው ተቀምጧል። ጃቫው ላይም ስትሪንግ ነው። ገጹ ላይ ግን ያለ ጥቅስ ምልክት ነበር የሚጻፈው። ጃቫስክሪፕት ጥቅስ የሌለው አሃዝ ካየ ቁጥር ነው ብሎ ነው የሚወስደው።

ታዲያ ለዓመታት እንዴት ሠራ? በጃቫስክሪፕት በዜሮ የሚጀምር ቁጥር የቆየ ትርጉም አለው፤ ኦክታል ነው፣ ማለትም በ10 ሳይሆን በ8 መሠረት የሚቆጠር፣ ከ0 እስከ 7 ያሉትን አሃዞች ብቻ የሚያውቅ። ውስጡ 8 ወይም 9 ካለበት ግን «ይሄማ ኦክታል ሊሆን አይችልም» ይልና እንደ ተራ ቁጥር ያነበዋል፤ የፊቷን ዜሮ ብቻ ይጥላል። የኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ቁጥር በ09 ስለሚጀምር ምንጊዜም 9 አለበት። ስለዚህ የምትጠፋው ዜሮዋ ብቻ ነበረች። ይህን ያየ የቀድሞ ባለሙያ ከመላኩ በፊት «0» ከፊት የምትጨምር አንድ መስመር ጽፏል። ሠራ፣ ተረሳ።

በ2022 እ.ኤ.አ. ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎት ጀመረ፤ በ07 የሚጀምሩ ቁጥሮችም መጡ። ለማሳያ 0712 የምትለዋን አራት አሃዝ ብቻ እንውሰድ። ጃቫስክሪፕት 7 ጊዜ 64፣ ሲደመር 1 ጊዜ 8፣ ሲደመር 2 ይልና 458 ያደርጋታል። ሙሉው 10 አሃዝ ሲሆን ደግሞ ውጤቱ የግድ ከ117,440,512 እስከ 134,217,727 ባለው ውስጥ ይወድቃል። ልብ በሉ፣ ይህ 9 አሃዝ ነው። ያቺ የድሮ መስመር ከፊቱ ዜሮ ትጨምርበትና ልክ 10 አሃዝ ይሆናል። በ011፣ በ012 ወይም በ013 ይጀምራል። 011 ደግሞ የአዲስ አበባ የመደበኛ ስልክ መለያ ነው! ርዝመቱን የሚያጣራው ኮድ አይቶ ያሳልፈዋል። መዝገቡ «ተልኳል» ይላል። የማዳበሪያው መልእክት ማንም ወደማያነብበት ቁጥር ሄዷል።

ይህን ጥፋት ለማግኘት አስቸጋሪ ያደረገው ሁሉንም የ07 ቁጥር አለመንካቱ ነው። አንድ ቦታ 8 ወይም 9 ካለበት በሰላም ያልፋል። ከ07 በኋላ ያሉት 8 አሃዞች እኩል ዕድል ቢኖራቸው፣ አንዳቸውም 8 ወይም 9 ያለመሆናቸው ዕድል 17 በመቶ ገደማ ነው። ከስድስት ሰው አንዱ ማለት ነው። ቢሮ ውስጥ አንድ የሳፋሪኮም ቁጥር ብትሞክር ብዙውን ጊዜ ይሠራል፤ «ችግሩ የገበሬው ስልክ ነው» ብለህ ትዘጋዋለህ። ጃቫስክሪፕቱ በጥብቁ ሕግ፣ በስትሪክት ሞድ፣ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ብራውዘሩ በዜሮ የሚጀምረውን ቁጥር ገና ሲያየው ስህተት ነው ብሎ ያቆም ነበር። ዝም ያለ ሲስተም ከሚጮህ ሲስተም ይብሳል።

«ግራና ቀኙ ላይ ጥቅስ ጨምርበትና ጨርስ» አለኝ አንድ ባልደረባዬ። ለስልኩ ይበቃል። ከስልኩ ቀጥሎ ግን ስም አለ። በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ስም ጥቅስ የለውም፤ በቁቤ የሚጻፍ የኦሮምኛ ስም ግን ሁድሃ የምትባለው ምልክት ትገባበታለች፤ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ የምትተየበው በነጠላ ጥቅስ ነው። እሷ ስትመጣ ጃቫስክሪፕቱ ስሙ እዚያ ላይ ያለቀ ይመስለዋል፤ ገጹ በሙሉ ሥራ ያቆማል። ተንኮለኛ ሰው ከመጣ ደግሞ በስሙ ቦታ የስክሪፕት መዝጊያ ጽፎ፣ ከሥሩ የራሱን ኮድ አስከትሎ፣ በሠራተኛዋ ብራውዘር ላይ ያሠራዋል።

ስለዚህ ዋጋን በእጅ መለጠፍ ትቶ፣ ለሥራው ለተሠራ መሣሪያ መስጠት ነው የሚያዋጣው። ታይምሊፍን የምትጠቀሙ ከሆነ፣ የጃቫስክሪፕት ኢንላይን የሚባለው ዘዴው ስትሪንግን ራሱ በጥቅስ ከቦ፣ አደገኛ ምልክቶቹን ቀይሮ ይጽፍላችኋል። ጄኤስፒ ላይ ከሆናችሁ ጃክሰን በሚባለው ላይብረሪ ወደ ጄሶን ቀይሩት፤ ግን ጃክሰን በተፈጥሮው የ«<» ምልክትን ስለማይነካ፣ ስክሪፕት ውስጥ ከመግባቱ በፊት እሷን ለብቻ መቀየር ያስፈልጋል። እኔ የመረጥኩት ሦስተኛውን ነው፦ ዋጋውን በኤችቲኤምኤሉ ላይ በዳታ አትሪቢዩት፣ ለኤችቲኤምኤል በሚገባው መንገድ አጽድቶ ማስቀመጥ፤ ጃቫስክሪፕቱ ከዚያ ያነበዋል፣ የሚያነበውም ሁልጊዜ እንደ ጽሑፍ ነው። ጃቫው ጃቫስክሪፕት መጻፍ አቆመ።

ስልኩን ካስተካከልኩ በኋላ ሌሎቹንም ማየት ጀመርኩ። 16 አሃዝ ያለው የፋይዳ ቁጥር አለ። ጃቫ በሎንግ ሙሉ በሙሉ ይይዘዋል፤ የጃቫስክሪፕት ተራ ቁጥር ግን ሳይዛባ የሚይዘው እስከ 9,007,199,254,740,991 ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ የመጨረሻዋ አሃዝ ሳትነግርህ ልትቀየር ትችላለች። ቀንም አለ። ጃቫስክሪፕት ወርን ከ0 እስከ 11 ይቆጥራል፤ የእኛ ጳጉሜን 13ኛ ናት። 13ን እንዳለች ብትሰጠው ስህተት ነው አይልህም፤ ወደ ቀጣዩ ዓመት አሻግሮ ሌላ ቀን ይሰጥሃል።

አሁን የሌላ ሰው ኮድ ሳይ አንድ ጥያቄ አስቀድማለሁ፦ ይህን ነገር ሰው ይደምረዋል ወይ? ኩንታል ይደመራል፣ ብር ይደመራል። ስልክን ከስልክ፣ ፋይዳን ከፋይዳ የደመረ ሰው አላየሁም። የማይደመር ከሆነ፣ ቁጥር ቢመስልም ስም ነው፤ እንደ ስም በጥቅስ ውስጥ ይቀመጥ።

ማስተካከያው ከአንድ ከሰዓት በኋላ አላለፈም። አጎቴ ግን የዚያን ዓመት ስንዴ ከጎረቤት በተበደረው ግማሽ ኩንታል ማዳበሪያ ነው የዘራው። የሚበቃውን መደብ አዳረሰበት፤ የቀረውን ባዶውን ዘራው።