የማክስ ፋክተር አራት ክፍሎች

አንባቢ ሆይ፤ ዕድል አግኝተው ሎስ አንጀለስ የደረሱ እንደሆነ፣ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ የሚጠራውን የፌርፋክስ ጎዳና ሠፈር ሳያዩ፣ እዚያም እንጀራ ሳይቀምሱ እንደማይመለሱ የታወቀ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ከምሳ በኋላ ጊዜ ቢተርፍዎ ግን ወደ ሆሊውድ ይዝለቁና በሃይላንድ ጎዳና፣ በቁጥር 1660 ያለውን ሕንፃ ይጎብኙ። ዛሬ የሲኒማ ቤተ መዘክር ነው፤ ቀድሞ ግን ፊት የሚኳልበት ቤት ነበር።

ባለቤቱ ማክስ ፋክተር በፖላንድ ተወልዶ፣ በሩሲያ ለንጉሣዊው ቲያትር ሰው ሠራሽ ጠጉር እየሠራና ተዋንያንን እየኳለ ኖሮ፣ በ1904 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ የተሰደደ ሰው ነው። ሲኒማ ገና በሕፃንነቱ ሳለ የቲያትሩ ወፍራም ቅባት በካሜራ ፊት እየተሰነጠቀ ቢያስቸግር፣ በ1914 ዓ.ም. ቀጠን ያለ ቅባት አዘጋጀ። ከዚያ ወዲያ ስንቱ የፊልም ኮከብ ደጁን ጠና!

ሕንፃው በ1935 ዓ.ም. ሲከፈት አራት የመኳኳያ ክፍሎች ነበሩት፤ አሁንም ይታያሉ። ሰማያዊው ጠጉራቸው ወርቃማ ለሆነ፣ አረንጓዴው ጠጉራቸው ቀይ ለሆነ፣ ሮዙ ጠጉራቸው ጠቆር ላለ፣ የኮክ ፍሬ የሚመስለው ደግሞ ጠጉራቸው ቡናማ ለሆነ ሴቶች ነው። የግድግዳው ቀለም ሳይቀር የባለ ጠጉሯን መልክ እንዲያጎላ ታስቦ የተመረጠ ነውና ጥበቡን ማድነቅ ይገባል። ነገር ግን የእርስዎ እኅት በዚያ ዘመን ብትሄድ በየትኛው በር ትገባ ነበር? ጠጉሯ ጥቁር ስለሆነ ወደ ሮዙ ትግባ እንዳንል፣ አራቱም ክፍሎች የታሰቡት ለነጭ ፊት ነው።

ጥቁር አሜሪካዊቷ ዘፋኝና ተዋናይት ሊና ሆርን በ1940ዎቹ መጀመሪያ ሆሊውድ ስትገባ፣ በፊልም ላይ ጠቆር ብላ እንድትታይ ተብሎ ከዚሁ ኩባንያ «ፈካ ያለ ግብፃዊ» የተባለ ቀለም ተዘጋጀላት። በኋላም ቀለሙ የክልስ ሴት ሚና ለሚሰጣቸው ነጭ ተዋናዮች መቀቢያ እንደሆነ ራሷ ተናግራለች። «ሾው ቦት» በተባለው የ1951 ዓ.ም. ፊልም እሷ የተመኘችውን ሚና አቫ ጋርድነር ተጫወተችው። ቀለሙ ሥራ አገኘ፤ ባለቤቲቱ ግን ቀረች።

ዛሬ ኮንሲለር የምንለውን መሸፈኛ ይኸው ኩባንያ በ1954 ዓ.ም. «ኢሬዝ» ብሎ በሊፕስቲክ አምሳል ለገበያ አወጣው፤ ትርጓሜው «ደምስስ» ማለት ነው። ለጠይም ፊት የሚስማማ ቀለም በብዛት እስኪገኝ ግን ብዙ መጠበቅ ግድ ሆነ። ፋሽን ፌር በ1973፣ የሶማሊያዋ ኢማን ኩባንያ በ1994፣ ባለ 40 ቀለሙ ፌንቲ በ2017 ዓ.ም. መጡ። በመካከሉ በ2003 ዓ.ም. የእኛዋ ሊያ ከበደ የኤስቴ ሎደር የመጀመሪያዋ ጥቁር ሞዴል ሆናለች።

እንግዲህ ፒያሳ ወይም መርካቶ ገብተው ሲገዙ ምን ያድርጉ? ሻጩ በእጅዎ ጀርባ ላይ ይቀባልዎታል፤ አይመኑት፤ እጅና ፊት አንድ መልክ የላቸውም። በአገጭዎ ጠርዝ ላይ ጥቂት ያስቀቡና ከሱቁ ወጥተው በፀሐይ ብርሃን በመስታወት ይዩት። የሱቅ መብራት ውሸታም ነው። ጥቂት ደቂቃም ይታገሱ፤ አንዳንዱ ቅባት ሲደርቅ ይጠቁራልና። ከቆዳው ጋር ተዋሕዶ የጠፋብዎ፣ እሱ የእርስዎ ነው። ለብጉርና ለማድያት ከፊትዎ ጋር ፍጹም የሚመሳሰለውን ይምረጡ፤ ፈካ ያለው ብጉሩን ይሸፍናል ሲሉት እንደ መብራት ያሳየዋል። ከዓይን ሥር ላለው ጥቁረት በጠይም ፊት ላይ ነጣ ያለ ቅባት ብቻውን አመድ ስለሚመስል፣ አስቀድሞ ወደ ብርቱካን የሚያደላ ቀለም በስሱ መቀባት፣ በላዩም መሸፈኛውን ማድረግ ይሻላል።

ማድያቱን ለመሸፈን ሳይሆን ጨርሶ ለማጥፋት ብለው፣ በላዩ ምን እንዳለበት ያልተጻፈበትን የማንጫ ክሬም የሚገዙ አሉ። በአንዳንዱ ውስጥ ሜርኩሪ ይገኛል፤ ሜርኩሪ ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል። መሸፈኛው ቢያንስ ማታ በውኃና በሳሙና ይለቃል።

ሲቀቡ ፊትን ታጥቦ ማለስለሻ ቅባት ማድረግ ይቀድማል። ከዚያም የምስር ፍሬ የምታህል ብቻ ወስደው በቀለበት ጣት መታ መታ ያድርጉ፤ ይህ ጣት ጉልበቱ አነስተኛ ስለሆነ ከዓይን ሥር ያለውን ስስ ቆዳ አይጎትትም። ማሸት ቅባቱን ከሚፈለግበት ስፍራ ያነሣዋል። በመጨረሻ ጥቂት ዱቄት ነስንሰው ያጽኑት። ተማሪዎቼ ለፎቶግራፍ ቀን ዱቄቱን ያበዙታል፤ የካሜራው ብልጭታም ነጩን ዱቄት አንጸባርቆ ፊቱን ከአንገቱ ይለየዋል። ለሥራ ማመልከቻ የሚለጠፍ ፎቶግራፍ የሚነሣ ሰው በተለይ ይጠንቀቅ፤ አለዚያ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ፎቶግራፉንና ባለቤቱን እያፈራረቀ ማየቱ አይቀርም።