ጊታሩ ዶላር ይጠብቃል

የአቦቦ ሙቀትና እርጥበት ለብረት አይራራም። የኤሌክትሪክ ጊታሬ ብሪጅና ክሮቹ የሚታሰሩበት ቴልፒስ ዝገው ብሎኖቹ አልዞር አሉ። ብሪጅ ማለት የክራር ብርኩማ ነው፤ ቦታውን ከሳተ ቅኝት የለም። የሁለቱን ምሰሶዎች ርቀት ለካሁ፤ 74 ሚሊ ሜትር። ልኩ ከአዲስ አበባ መጣ። ግን ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዋጋው አይቀመስም።

የአኙዋ ቶም ተጫዋች የብረት ምላሶቹ ሲላሉ እዚያው አጥብቆ፣ ገፋ ሳብ አድርጎ ይቃኛቸዋል። ዶላር አይጠብቅም።

ለወጣት ማዕከል ጊታር፣ ለገበሬ የውሃ ፓምፕ ሲታደል ስለ መለዋወጫው ማን አሰበ? ናስ ቆርጦ፣ ሞርዶ፣ ለስድስት ክር ስድስት ቦይ ማውጣት ለአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ወርክሾፕ ከባድ ሥራ አይደለም። ከዚያ እንጀምር።